በአየርላንድ ጉዞ ላይ የትራድ ሴሽን አግኝቶ ለመስማት የሚረዳ መመሪያ

አየርላንድ ውስጥ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ከአሜሪካም፣ ከጀርመንም፣ ከዱባይም ሆነ ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል፤ «የአገሩን ሙዚቃ ቁጭ ብለን የምንሰማው የት ነው?» የሚል። ጠያቂው የሚጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ፐብ፣ ማለትም የአንድ መጠጥ ቤት ስም ነው። የቤቱን ስም ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ግን ቴሌቪዥን ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ ተከፍቶ፣ የሙዚቀኞቹ ጥግ ባዶውን ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ማክሰኞ የሚደምቅ ቤት ረቡዕ ጭር ይላል፤ ትራድ ሴሽን የሚባለው የባህላዊ ሙዚቃ ስብሰባ የሚገኘው ቤቱ፣ ቀኑና ሰዎቹ ሲገጣጠሙ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች እነዚህን ሦስቱን የሚያገጣጥሙበትን መንገድ ያሳያሉ።

ስለ ሰዓት አንድ ማስጠንቀቂያ ላስቀድም። እዚህ የምጽፈው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከምሽቱ 3፡30 ስል በአየርላንድ ሰሌዳ ላይ 9፡30 ተብሎ የሚጻፈውን ማለቴ ነው። አንድ ዘመዴ ይህን ሳላብራራለት ቀርቼ፣ በእነርሱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ማለትም ከቀኑ 9፡30 ላይ ደርሶ ለስድስት ሰዓት ያህል ሻይ ሲጠጣ ቆይቷል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ሕጋዊ የመግቢያ ሰነድ፤ ዝርዝሩ በደረጃ 2 ላይ ተገልጿል።
• ካርታ የተጫነበት ስልክ። በምዕራቡ ዳርቻ ኔትወርክ የሚጠፋባቸው ቦታዎች ስላሉ ካርታውን አስቀድመው ያውርዱት።
• የባንክ ካርድና ጥቂት የዩሮ ጥሬ ገንዘብ። ካርድ በየቦታው ይሠራል፤ የገጠር ታክሲ ግን ጥሬ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል።
• ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እስክርቢቶ።
• ዝናብ የማያስገባ ጃኬት።
• የእጅ ባትሪ ወይም የሚያንጸባርቅ ሰደርያ። የገጠሩ መንገድ ጠባብ ነው፤ የእግረኛ መሄጃም ሆነ የመንገድ መብራት የሌለው ብዙ ነው።
• መታወቂያ። ወጣት የሚመስሉ ከሆነ ዕድሜዎን ሊጠየቁ ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ የሚፈልጉትን በስሙ ይጥሩት

«ላይቭ ሚውዚክ» የሚል ሰሌዳ ባህላዊ ሙዚቃ መኖሩን አያረጋግጥም። አንድ ሰው ጊታርና ድምፅ ማጉያ ይዞ ማንም የሚያውቃቸውን የፖፕ ዘፈኖች ቢዘፍንም ሰሌዳው ያው ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ የአክስቴን ልጅ ከፍራንክፈርት ጠርቼ፣ አረንጓዴ ሰሌዳ አይቼ ያስገባኋት ቤት ልክ እንደዚህ ያለ ነበር፤ «ይህንማ ፍራንክፈርትም እሰማዋለሁ» ብላኝ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ወጣን።

እርስዎ የሚፈልጉት «ትራድ ሴሽን» ይባላል፤ በአይሪሽ ቋንቋ ሲጻፍ «ሴሹን» ይሆናል። ሴሽን ማለት ሙዚቀኞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ያለ መድረክና አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማጉያ የሚጫወቱበት ስብሰባ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሙዚቀኞች ከቤቱ ክፍያ እየተቀበሉ ጠረጴዛውን ይይዛሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ደስ ሲላቸው መሣሪያቸውን ይዘው መጥተው ይቀላቀላሉ። ስለዚህም በዚያ ምሽት ማን እንደሚጫወት የቤቱ ባለቤት እንኳ አስቀድሞ ላያውቅ ይችላል።

ከሴሽን ጋር የሚምታቱ ሦስት ነገሮች አሉ። «ባላድ ናይት» የሚባለው እንግዳው ሁሉ አብሮ የሚዘፍንበት የዘፈን ምሽት ነው፤ ደስ ይላል፣ ግን ሴሽን አይደለም። «ኬይሊ» ደግሞ የጭፈራ ዝግጅት ስለሆነ እግርዎን ለማንቀሳቀስ ተዘጋጅተው መሄድ አለብዎት። «ሻን ኖስ» የሚባለው ያለ መሣሪያ አጃቢነት፣ አብዛኛውን ጊዜ በአይሪሽ ቋንቋ የሚዜም የብቻ ዜማ ሲሆን፣ በሴሽን መካከል ድንገት ሊመጣ ይችላል። በነገራችን ላይ፣ አንድ አየርላንዳዊ «እዚያ ቤት ጥሩ ክራክ አለ» ቢልዎት አይደንግጡ፤ ክራክ ማለት በእነርሱ አነጋገር ጨዋታና ደስታ ነው።

ደረጃ 2፦ የመግቢያ ፈቃድዎን ከካርታው ጋር ያስተያዩት

አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም የሸንገን አገር አይደለችም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የጀርመን፣ የጣሊያን ወይም የስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የሸንገን ቪዛ ቢኖረውም ለአየርላንድ ለብቻው ቪዛ ማውጣት አለበት፤ ይህንን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያወቁ ሰዎች ትኬታቸውን አጥተዋል። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚጓዙም ቢሆኑ ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት የአየርላንድን ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት መመሪያ ይመልከቱ።

ሁለተኛው ነጥብ ሰሜን አየርላንድ የዩናይትድ ኪንግደም ክፍል መሆኗ ነው። ቤልፋስት ውስጥ እንደ ኬሊስ ሴላርስና ማደንስ ያሉ ጥሩ የሴሽን ቤቶች አሉ፤ ከደብሊን የሚነሣው አውቶቡስም በድንበሩ ላይ ሳይቆም ያልፋል። አለመቆሙ ግን ፈቃድ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያለው ጎብኚ ደግሞ ኢቲኤ የተባለውን የጉዞ ፈቃድ በኢንተርኔት አስቀድሞ ማውጣት ይኖርበታል። እዚያ የሚከፈለውም በዩሮ ሳይሆን በፓውንድ ነው።

ደረጃ 3፦ አካባቢውንና ወቅቱን ይምረጡ

ጊዜዎ አጭር ከሆነ አገሩን ለመዞር አይሞክሩ። በሁለት ቦታ ሦስት ሦስት ሌሊት ያደረ ሰው በስድስት ከተማ አንዳንድ ሌሊት ካደረው የተሻለ ይሰማል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ምሽት ወሬ የሚሰበሰብበት እንጂ ዋናው ምሽት የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የእኔ ምርጫ ክሌር ካውንቲ ነው፤ ለዚህ ምርጫዬ ግን ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም። ኤኒስ ከተማ በባቡር ትደርሳለች፤ ከጎልዌይም ከሊመሪክም መስመር አላት። ከስቲ የሚባል የባህላዊ ሙዚቃ መሣሪያ ሱቅም አላት፤ እንዲህ ያለ ሱቅ ለምን እንደሚጠቅም በሚቀጥለው ደረጃ ላይ አብራራለሁ። ከኤኒስ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ዱሊን የተባለችው የባሕር ዳር መንደር አለች፤ እዚያ የኦኮነር፣ የመክጋንና የመክደርሞት ፐቦች በእግር የሚደረሱ ናቸው፤ በበጋ ወራት ሙዚቃ የሌለበት ማታ የለም ማለት ይቻላል። ዱሊን በቱሪስት የምትጨናነቅ መሆኗን ግን አስቀድመው ይወቁ። ፀጥ ያለ ነገር ከፈለጉ በምሥራቅ ክሌር ያለችውን ፊክልን ይሞክሩ።

ጎልዌይ ከተማ ከደብሊን በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መሐል ከተማ ላይ ያለው ቲ ኮሊ እና ከወንዙ ማዶ ያለው ክሬን ባር የታወቁ የሴሽን ቤቶች ናቸው። ደብሊን ውስጥ ብቻ ከቆዩ ቴምፕል ባር የሚባለውን የቱሪስት ሰፈር ይለፉትና በሉአስ ባቡር በቀይ መስመር ስሚዝፊልድ ወርደው ኮብልስቶን ወደተባለው ፐብ ይሂዱ፤ ወይም በሜሪየን ሮው ላይ ያለውን ኦዶነህዩስን ይመልከቱ። በማዮ ካውንቲ ዌስትፖርት ውስጥ ደግሞ የቺፍቴንስ የባህላዊ ሙዚቃ ቡድን የፍሉት (የእንጨት ዋሽንት) ተጫዋች የነበረው የማት ሞሎይ ፐብ አለ።

የአካባቢው ልዩነት በጆሮ ይታወቃል። በክሌር ኮንሰርቲና የምትባለዋን ትንሽ የእጅ አኮርዲዮን በብዛት ያያሉ፤ በዶኒጎል ቫዮሊኑ፣ እነርሱ ፊድል የሚሉት፣ የበላይ ነው። በኬሪና በኮርክ ወሰን ላይ ባለው በስሊቭ ሉክራ አካባቢ ፖልካና ስላይድ የተባሉ ፈጣን የጭፈራ ዜማዎች ይበዛሉ፤ ስላይጎ ደግሞ የፍሉትና የፊድል አገር ነው።

ወቅቱን በሚመለከት፣ ክረምታቸው ውስጥ፣ ማለትም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ በትናንሽ መንደሮች ሴሽን የሚኖረው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው፤ ታዳሚው ግን የአገሬው ሰው ስለሆነ ጨዋታው ይጥማል። በዲሴምበር 25 ፐቦች በሕግ ዝግ ናቸው። በበጋ ወደ ትልልቆቹ ዝግጅቶች መሄድ ይቻላል፤ በሚልታውን ማልቤይ የሚካሄደው የዊሊ ክላንሲ የበጋ ትምህርት ቤት በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን፣ በጁላይ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በእኛ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ይከፈታል። ቀን ቀን ተማሪዎች ይማራሉ፤ ማታ ማታ መምህራኑም ተማሪዎቹም ወደ ፐቦቹ ይበተናሉ፤ የከተማዋ አንድ ዋና መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ ይሆናል። በኦገስት ኮልታስ የተባለው የሙዚቀኞች ማኅበር የሚያዘጋጀው ፍላ ኪዮል የተሰኘው አገር አቀፍ ውድድር አለ፤ የመጀመሪያው በ1951 እ.ኤ.አ. በመለንጋር ተካሂዷል፤ ከተማው በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቀየር የዓመቱን ቦታ ይጠይቁ። ለእነዚህ ዝግጅቶች ማደሪያ ከወራት በፊት ካልተያዘ አይገኝም።

ደረጃ 4፦ ወሬ ይሰብስቡና የሳምንት ሠንጠረዥ ይሥሩ

በደብተርዎ ላይ ሰባት መስመር ይስመሩ፤ ከሰኞ እስከ እሑድ። በእያንዳንዱ ቀን ፊት ሦስት ነገር ይመዝገቡ፤ የቤቱን ስም፣ የሚጀመርበትን ሰዓትና ወሬውን ማን እንደነገረዎት። የመጨረሻው ነገር ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ወሬ ሲጋጭ የትኛውን እንደሚያምኑ የሚወስኑት በእርሱ ነው። የሙዚቀኛ ቃል ከሆቴል እንግዳ ተቀባይ ቃል ይበልጣል፤ የእንግዳ ተቀባዩ ቃል ደግሞ ከታተመ በራሪ ወረቀት ይበልጣል።

ወሬውን በዚህ ቅደም ተከተል ያሰባስቡ። በመጀመሪያ «ዘ ሴሽን» የተባለውን ድረ ገጽ ይክፈቱ፤ ሙዚቀኞች ራሳቸው ሴሽኖችን በከተማና በቀን የሚመዘግቡበት ነው። አንዳንዱ መረጃ ዓመታት ያለፈው ስለሆነ እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ማረጋገጫ አይውሰዱት። ቀጥሎ የፐቡን የፌስቡክ ወይም የኢንስታግራም ገጽ ይመልከቱና ያለፈው ሳምንት ፎቶግራፍ ላይ ምን እንዳለ ያስተውሉ፤ ሰዎቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ከሆነ ሴሽን ነው፣ አንድ ሰው ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ከሆነ ሌላ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከተማው ሲደርሱ በቀን ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ መግባት ነው። እዚያ የሚሸጡት ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸው ይጫወታሉ፤ ጥቂት ዩሮ የሚያወጣ ቲን ዊስል፣ ማለትም የቆርቆሮ ዋሽንት ሲገዙ «ዛሬ ማታ የት ልሂድ?» ብለው ይጠይቁ። ሱቅ ከሌለ መሣሪያ የያዘ ሰው ባዩበት ይጠይቁ። ደብሊን ውስጥ ከሆኑ ደግሞ በሜሪየን አደባባይ የሚገኘው የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ቤተ መዛግብት በቀን ሊጎበኝ የሚችል ሲሆን፣ በሄንሪታ ጎዳና ላይ ያለው የኢለን ፓይፕ (በወናፍ አየር የሚሞላ ባህላዊ መሣሪያ) ተጫዋቾች ማኅበርም የሚያዘጋጃቸው ዝግጅቶች አሉት።

ደረጃ 5፦ በዚያው ቀን ደውለው ያረጋግጡ

ከሰዓት በኋላ፣ የምሳ ግርግር ካለፈ በኋላ ይደውሉ። አምስት ጥያቄዎች በቂ ናቸው፤ ዛሬ ማታ ትራድ ሴሽን አለ ወይ፣ በስንት ሰዓት ይጀመራል፣ በየትኛው ክፍል ነው፣ የምግብ ማእድ ቤቱ በስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ልጅ ይዞ መግባት ይቻላል ወይ። «ሙዚቃ አለ ወይ?» ብለው ብቻ ከጠየቁ መልሱ «አዎ» ይሆንና ወደ ደረጃ 1 ስሕተት ይመለሳሉ።

ይህ ደረጃ የግድ የሆነበት ምክንያት ሴሽን በቀላሉ የሚቀየር ነገር በመሆኑ ነው። በመንደሩ ቀብር ካለ፣ የካውንቲው ቡድን ጨዋታ ካለበት ወይም ጠረጴዛውን የሚይዘው ሙዚቀኛ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደ ምሽቱ ሊቀር ይችላል፤ ይህንንም ሰሌዳው አይነግርዎትም።

ደረጃ 6፦ ማደሪያዎንና መመለሻዎን አስቀድመው ያስተካክሉ

ሴሽን ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 3፡30 ገደማ ይጀመራል፤ ከተባለው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቢዘገይም ማንም አይገረምም። በአየርላንድ ሪፐብሊክ መደበኛው የመዝጊያ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከምሽቱ 5፡30፣ ዓርብና ቅዳሜ ከሌሊቱ 6፡30፣ እሑድ ከምሽቱ 5፡00 ነው፤ የቀረበውን ለመጨረስ ከዚያ በላይ ግማሽ ሰዓት ይፈቀዳል። በዚያ ሰዓት በገጠር አውቶቡስ የለም። ለምሳሌ ከጎልዌይ በዱሊን አድርጎ ወደ ኤኒስ የሚሄደው 350 ቁጥር አውቶቡስ ለቀን ጉዞ ይጠቅማል እንጂ ሴሽን ሰምተው ሊመለሱበት አይችሉም።

ስለዚህ ከፐቡ በእግር የሚደረስ ማደሪያ ይያዙ። ታክሲ ከፈለጉ ገና ሲገቡ ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን ሰው ቁጥር ይጠይቁና ወዲያውኑ ይደውሉ፤ በመንደር ውስጥ አንድ ታክሲ ብቻ ሊኖር ስለሚችል በመዝጊያ ሰዓት የሚደውል ሰው ተራ ይጠብቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ መኪና የሚከራዩ ከሆነ በአየርላንድ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ የአልኮል ቁጥጥሩም ጥብቅ ነው። የሚነዳው ሰው ምንም ባይጠጣ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ቀድመው ይግቡ፣ ወንበርዎን አይተው ይያዙ

ከተባለው ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ሙዚቃው ያለ ማጉያ ስለሆነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው የሰው ወሬ ነው።

የሙዚቀኞቹን ጠረጴዛ ለይተው ይወቁ። ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ወይም በመስኮት ሥር ሲሆን፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ አግዳሚና ጥቂት ዱካዎች ይኖሩታል፤ አንዳንድ ቤት «ለሙዚቀኞች የተያዘ» የሚል ጽሑፍ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ምልክት የለውም። እኔ በአንድ የመንደር ፐብ ምድጃው አጠገብ ያለውን ምቹ ጥግ ባዶውን አግኝቼ ደስ እያለኝ ተቀመጥኩ። የቤቱ እመቤት ሻዬን አምጥታ እኔ በተቀመጥኩበት ሳይሆን ከጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና «እዚያ ይሻልሽ ይሆን?» አለችኝ። ምድጃው አጠገብ ሆኜ የት ሊሻለኝ እንደሚችል ስላልገባኝ «የለም፣ ይኸው ጥሩ ነው» አልኳት። ምንም ሳትናገር ሄደች። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት የፊድል ሳጥናቸውን እንደያዙ መጥተው ከፊቴ ቆሙ፤ እርሳቸውም አልተናገሩም። ያኔ ገባኝ። አየርላንዳዊ «ተነሺ» አይልም፤ «ይሻልሽ ይሆን?» ካለ መነሣት ነው።

ስለዚህ ሳይቀመጡ በፊት «ሙዚቀኞቹ የሚቀመጡት የት ነው?» ብለው ይጠይቁና ቀጥሎ ያለውን ጠረጴዛ ይያዙ። ካፖርትዎንም በአግዳሚያቸው ላይ አያኑሩ።

መግቢያ ስለማይከፈልበት አንድ ነገር ማዘዝ ወግ ነው፤ አልኮል መሆን ግን የለበትም። ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥ ወይም አልኮል የሌለው ቢራ ያዘዘን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ማእድ ቤቶች ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 3፡00 ገደማ ስለሚዘጉ ራት የሚበሉ ከሆነ ቀድመው ይብሉ። ጾመኛ የሆኑ አንባቢዎች ደግሞ የአትክልት ሾርባ የሚባለው ቅቤ ወይም ክሬም ብዙ ጊዜ ስላለበት ሳይጠይቁ አይዘዙ።

ደረጃ 8፦ የሚሆነውን እያወቁ ያዳምጡ

አንድ ዜማ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ስምንት ባር፣ ማለትም ስምንት የምት መለኪያ ሲሆን ሁለት ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ በጠቅላላው 32 ባር ይሆናል። ይህን ዙር ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጫወቱት በኋላ ሳያቆሙ ወደ ሌላ ዜማ ይሻገራሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ዜማ ተያይዞ «ሴት» (የእንግሊዝኛው set፣ የዜማ ስብስብ) ይባላል። መሻገሪያው ላይ አንዱ ሙዚቀኛ ቀና ብሎ ሌሎቹን በዓይኑ ይጠቅሳል፣ ወይም «ሃፕ!» ይላል። ይህን ካወቁ ጭብጨባው የሚመጣው በሴቱ መጨረሻ መሆኑ ይገባዎታል።

መሣሪያዎቹን በዓይን ለመለየት ጥቂት ልጨምር። ኢለን ፓይፕ የተባለውን ተጫዋቹ በአፉ አይነፋውም፤ በክንዱ ሥር በታሰረ ወናፍ አየር ይሞላዋል፤ ስለዚህም እየተጫወተ ማውራት ይችላል። ባውሮን በፍየል ቆዳ የተለበጠ ከበሮ ሲሆን በአንድ እጅ ከኋላው ቆዳውን እየተጫኑ በሌላው በትንሽ ዱላ ይመቱታል። የቆርቆሮውና የእንጨቱ ዋሽንቶች፣ ባንጆና አኮርዲዮን የቀሩት ናቸው። እንዲሁም በስድስት ምት የሚሄደው ጂግ፣ በአራት የሚሄደው ደግሞ ሪል ይባላል።

ሴሽን ከአዝማሪ ቤት ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በአዝማሪ ቤት ዘፋኙ ወደ እንግዳው ይመጣል፣ ስሙን ያነሣል፣ ያሞግሰዋል፣ ይነካካዋል፤ እንግዳውም ግጥም ይሰጠዋል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፋል። በሴሽን ሙዚቀኞቹ የሚጫወቱት እርስ በርሳቸው ነው፤ ጀርባቸውን ቢሰጡዎት ንቀት አይደለም። ብር በእጅ መስጠት ያሳፍራቸዋል። ማክበር ከፈለጉ ባንኮኒው ዘንድ ሄደው «ለሙዚቀኞቹ የሚጠጡትን ስጡልኝ» ብለው ይክፈሉ፤ አሳላፊው ማን ምን እንደሚጠጣ ያውቃል።

የጭብጨባ ነገር ለእኛ ይከብዳል፤ ዘፈን ሲሞቅ እጃችን ዝም አይልም። ነገር ግን ሪል ፈጣን ስለሆነና ተጫዋቾቹ ያለ ማጉያ እርስ በርስ እየተሰማሙ ምቱን ስለሚጠብቁ፣ ከጎን የሚመጣ ጭብጨባ ትንሽ እንኳ ቢዘገይ ምቱን ይጎትተዋል። በእግርዎ መሬቱን ቀስ አድርገው መምታት ይችላሉ፤ እነርሱም ያደርጉታል። ዝግ ያለ ዜማ ወይም ሻን ኖስ ሲጀመር ግን ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል፤ በዚያን ጊዜ ማዘዝም፣ ወንበር መጎተትም፣ መነሣትም ነውር ነው።

አንዱ የዜማ ስብስብ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ሙዚቀኞቹ ለአሥር ደቂቃ ሊያወሩ ይችላሉ። አልቋል ብለው አይውጡ፤ ወሬው የሴሽኑ አካል ነው።

ቪዲዮ ከመቅረጽዎ በፊት ከሴቱ ማብቂያ ላይ ይጠይቁ። አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ፤ ፊታቸው በኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ የማይፈልጉ ግን አሉ፤ የስልክ መብራትም ለዓይን ያስቸግራል።

ደረጃ 9፦ ቀጣዩን ምሽት ከዚያው ጠረጴዛ ይውሰዱ

በእረፍታቸው ላይ ጠጋ ብለው የወደዱትን ዜማ ስም ይጠይቁ፤ ከዚያም «ነገ የት ትጫወታላችሁ?» ይበሉ። ይህ ጥያቄ ከድረ ገጹም፣ ከሰሌዳውም፣ ከዚህ መመሪያም ይበልጣል፤ ምክንያቱም መልሱን የሚሰጡት የሚጫወቱት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። የተነገረዎትን ወዲያው በሠንጠረዥዎ ላይ ይጻፉ፤ የመንደርና የፐብ ስም በአይሪሽ አጠራርና በጽሑፉ መካከል ሰፊ ልዩነት ስላለው፣ ደብተሩን ሰጥተው ራሳቸው እንዲጽፉልዎ ቢያደርጉ ይመረጣል።

አንድ ነገር ተዘጋጅተው ይሂዱ። «ኖብል ኮል» የሚባል ልማድ አለ፤ ዘፍኖ የጨረሰ ሰው ቀጣዩን ዘፋኝ የመጥራት መብት አለው። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ መሆንዎ ከታወቀ ሊጠሩ ይችላሉ። ያለ መሣሪያ ሊያንጎራጉሩት የሚችሉት ሁለት ስንኝ ትዝታ በቃልዎ ቢይዙ ይበቃል፤ ድምፅዎ ማማር የለበትም። እምቢ ማለትም ይቻላል፤ ፈገግ ብለው «ዛሬ አልችልም» ካሉ ጥሪው ወደ ሌላ ያልፋል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

• ማሲንቆ፣ ክራር ወይም ጊታር ይዞ ሄዶ ሳይጠየቁ ማውጣት። ለመቀላቀል የሚፈልግ ሰው መሣሪያውን በሳጥኑ እንዳለ አስቀምጦ፣ አንድ ሁለት የዜማ ስብስብ አዳምጦ፣ ከዚያ ይጠይቃል። በተለይ አጃቢ ጊታር ወይም ባውሮን አንድ ካለ ሁለተኛው አይጨመርም፤ ሁለት አጃቢ በአንድ ጊዜ የተለያየ ምትና ስምምነት ሲይዝ ዜማው ይደፈረሳል።
• በሴንት ፓትሪክ ሳምንት፣ በማርች አጋማሽ፣ ለሙዚቃ ብሎ መጓዝ። ቤቱ ሁሉ ከመሙላቱ የተነሣ የሚሰማው ጩኸት ነው።
• በአንድ ምሽት አራት ቤት መዞር። ሴሽን እየሞቀ የሚሄደው ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ስለሆነ ዟሪው አራት መጀመሪያ ሰምቶ አንድ መጨረሻ ሳይሰማ ይቀራል።
• ሙዚቀኞቹን በሬዲዮና በፊልም የታወቀ ዘፈን እንዲጫወቱ መጠየቅ። ሴሽን የዜማ ምርጫ የሚቀበል ዝግጅት ስላልሆነ ጥያቄው በትሕትና ይታለፋል።

ልጆች ይዘው ለሚጓዙ

ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በፐብ ውስጥ ከወላጅ ጋር መቆየት የሚችሉት እስከ ምሽቱ 3፡00 ብቻ ነው፤ ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ባለው ጊዜ እስከ ምሽቱ 4፡00 ይፈቀዳል። ይህ ማለት ማታው ሴሽን ለልጅ አይደርስም ማለት ነው። ስለዚህ በስልክ ሲደውሉ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ወይም ከምሽቱ 12፡00 የሚጀመር ሴሽን እንዳለ ይጠይቁ፤ በጎልዌይ ቲ ኮሊ ለምሳሌ ከማታው በፊት ቀደም ያለ የአመሻሽ ሴሽንም ይደረጋል። ልጆቹን ከሙዚቀኞቹ ጠረጴዛ ጋር ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ያስቀምጧቸው፤ ከጎን ሆነው የፊድል ተጫዋቹን ጣቶች በደንብ ያያሉ።